የቤዝቦል ዝውውር ስንገምት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር የናሽናልስ (የከተማዋ ቤዝቦል ቡድን) ደጋፊዎች ብርዱ ሲገባ ጨዋታ ያልቅብናል እንጂ ወሬ አያልቅብንም። የዋንጫው የመጨረሻ ፍልሚያ ወርልድ ሲሪስ ባለቀ ማግስት «ማን ይመጣል? ማን ይሄዳል?» ይጀመራል። አሜሪካኖቹ ይህን ወቅት «ሆት ስቶቭ» ይሉታል፤ የጋለ ምድጃ እንደማለት ነው። ድሮ ሰው በብርድ ምድጃ ከቦ ስለ ቤዝቦል ያወራ ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። እኛም ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ከበን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን ወቅት በጣም እወደዋለሁ። ሰው ስለ ቡድኑ የሚያስበው በደንብ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ግን ግምት ከግምት ይለያል። አንዳንዱ ስለ ጨዋታው ያስተምራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ልብ ሰቅሎ ይተዋል። ለዓመታት ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላካፍላችሁ። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደ እግር ኳስ ማሰብ

ይሄ በተለይ የእኛ የሐበሾች ስህተት ነው። አርሰናልንና ማንቸስተር ዩናይትድን እየተከታተልን ስላደግን «ዝውውር» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ገንዘብ ነው። ክለብ ለክለብ ይከፍላል፣ ተጫዋቹ በደመወዝ ይስማማል፣ አለቀ። ስለዚህ ቤዝቦል ገና የጀመረ ጓደኛ «ባለቤቱ ሀብታም አይደል እንዴ? ለምን 100 ሚሊዮን ከፍሎ አይገዛውም?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ሊግ ውስጥ እንደዚያ አይሠራም። ትልቅ ተጫዋች የሚመጣው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ልውውጥ ነው፤ ተጫዋች ሰጥቶ ተጫዋች መቀበል። ገንዘብ ሊጨመርበት ይችላል፣ ዋናው ግን ሰው በሰው ነው። ሌላው ነጻ የወጣ፣ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈረም የሚችል ተጫዋች ማስፈረም ነው። ያኔ ለቀድሞው ክለብ የሚከፈል የዝውውር ሂሳብ የለም።

ተጫዋች ነጻ የሚወጣው በሜጀር ሊግ (በዋናው ሊግ) 6 የአገልግሎት ዓመት ሲሞላ ነው። አንድ ዓመት የሚባለው ደግሞ 172 ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አብዛኛው ተጫዋች የሚያገኘው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ከዚያ በኋላ ደመወዙ በድርድር ይወሰናል፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይቆርጠዋል። እንግዲህ ስለ አንድ ተጫዋች ዋጋ ስታወሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ጎበዝ ነው?» ብቻ አይደለም። «ነጻ እስኪወጣ ስንት ዓመት ቀረው?» የሚለውም ነው።

ሁዋን ሶቶን ውሰዱት። ናሽናልስ ያቀረበለትን የ15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልተቀበለም። በኦገስት 2022 ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ሲሄድ 23 ዓመቱ ነበር፣ ነጻ ለመውጣትም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቀረው ነበር። በምትኩ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሀሰል፣ ጃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት መጡ። በዲሴምበር 2023 ያው ሶቶ ከሳን ዲዬጎ ወደ ኒው ዮርኩ ያንኪስ ሲዛወር የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። የተከፈለበትም ያነሰ ነበር። የመታው ኳስ አልቀነሰም፤ ያጠረው ዓመቱ ነው። የዚያን ቀን ከልቤ አዝኜ ነበር። ግን ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ ደግሞ በ2025 ኦል ስታር (በዓመቱ ምርጦች ጨዋታ ተመራጭ) ሆኑ።

ከራስ ወንበር ብቻ ማየት

«እነዚህን ሦስቱን እንስጥና አንድ ጥሩ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እናምጣ።» ይህን ያልሰማ ደጋፊ የለም። ሦስቱ እነማን ናቸው ብላችሁ ስትጠይቁ እኛው ራሳችን የሰለቸናቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ልዋጭን ያውቃል። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ሰፈር ሲመጣ አሮጌ ልብስና ጫማ አውጥተን ሳህን ወይም ጆግ እንቀበል ነበር። እናቶቻችን ከልዋጩ ጋር ሲከራከሩ ያየ ልጅ አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም። ሰውዬው የሚወስደው ሌላ ቦታ የሚሸጥለትን ነው። እኛ ቤት ቦታ ያጣበበ ሁሉ ለእሱ ዕቃ አይሆንም።

የቤዝቦል ክለብም እንደዚሁ ነው። ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ዛሬ የሚጫወትለት ሰው ይፈልጋል፤ የ19 ዓመት ልጅ ብዙ አይጠቅመው ይሆናል። ቡድኑን እንደገና እየገነባ ያለ ክለብ ደግሞ ልጆቹን ይፈልጋል፤ የ33 ዓመት ኮከብ አያጓጓውም። የቦታ ጉዳይም አለ። ክለቡ የሚያስመዘግበው ዝርዝር 40 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። በዚያ ዝርዝር ላይ ያሉ ሦስት ሰዎች ሰጥታችሁ አንድ ከወሰዳችሁ ያኛው ክለብ ሁለት ሰው ማባረር ሊኖርበት ነው። ማንን ያባርር? ይህን አስባችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ልውውጥ ስገምት የዚያኛው ቡድን ደጋፊ እሆንና ዜናውን እሰማዋለሁ። ከሳቅሁ ግምቱን እጥለዋለሁ። ከተበሳጨሁ ግን እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ መወያየቱ ያዋጣል። የራሳችንን ታዳጊዎች በተመለከተም ያው ነው። ማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ባሉት ሊጎች) ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ የነገ ኮከብ አድርጎ ማየት ደስ ይላል። ግን 29 ሌሎች ቡድኖችም የየራሳቸው ልጆች አሏቸው፣ ደጋፊዎቻቸውም እንደኛው ያምኑባቸዋል።

ጭምጭምታን እንደ ዜና መውሰድ

በዲሴምበር 8፣ 2023 የሆነውን አልረሳውም። የጃፓኑ ኮከብ ሾሄ ኦታኒ ነጻ ወጥቶ ሁሉም ክለብ ይጠብቀዋል። ከደቡብ ካሊፎርኒያ የተነሳ አንድ የግል አውሮፕላን ወደ ቶሮንቶ እየበረረ መሆኑ ታወቀ። አንድ የታወቀ ጋዜጠኛ ኦታኒ ወደ ቶሮንቶ በመጓዝ ላይ ነው ብሎ ዘገበ። የቶሮንቶው ብሉ ጄይስ ደጋፊዎች የአውሮፕላኑን ጉዞ በስልካቸው ደቂቃ በደቂቃ ተከታተሉ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የወረደው ነጋዴው ሮበርት ሄርጃቬክ ነበር። ኦታኒ በማግስቱ በራሱ ኢንስታግራም ዶጀርስን መምረጡን አስታወቀ።

ያ አውሮፕላን እውነት ነበር። በረራውም እውነት ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ የሚያውቅ ሰው። ግምታችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ አንድ ከተማ ቤት ገዛ፣ ሚስቱ የክለቡን ገጽ መከተል ጀመረች፣ እገሌ ከእገሌ ጋር እራት በላ። ከእያንዳንዱ እውነት ተነስተን የሌለ ውል እንሠራለን።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አንድ ጋዜጠኛ አሮን ጀጅ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሊሄድ ነው ብሎ ጻፈ። ስለ ቸኮለ የስሙን ፊደል ሳይቀር አሳስቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ መለሰው። ጀጅ ከያንኪስ ጋር ለ9 ዓመት በ360 ሚሊዮን ቀረ።

ስለዚህ ወሬ ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ ይህ ወሬ ቢወጣ ማን ይጠቀማል? ኤጀንቱ «ሌላ ቡድንም ገብቷል» ሲል ዋጋ ይጨምራል። ክለቡ «እየተነጋገርን ነው» ሲል ትኬት ገዢው ይረጋጋል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ ምን ይላል? «ፍላጎት አሳይቷል» ማለት አንድ ሰው ስልክ ደውሏል ማለት ሊሆን ይችላል። የክለብ ኃላፊ ደግሞ መደወል ሥራው ነው።

«ተስማማ» እና «ፈረመ» አንድ አይደሉም

ካርሎስ ኮሬያ በዲሴምበር 2022 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ለ13 ዓመት በ350 ሚሊዮን ተስማማ። መግለጫ ሊሰጥ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ የሕክምና ምርመራው መጣ፤ በ2014 ቀዶ ሕክምና የተደረገለት እግሩ አሳሰባቸው፣ መግለጫው ቀረ። በሰዓታት ውስጥ የኒው ዮርኩ ሜትስ በ12 ዓመት፣ 315 ሚሊዮን ተስማሙ። የሜትስ ሐኪሞችም ያንኑ እግር አይተው ቆሙ። በጃንዋሪ 2023 ሚኒሶታ ለ6 ዓመት በ200 ሚሊዮን አስፈረመው።

ሦስት ከተማ በአንድ ወር ውስጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከተሞች ደጋፊዎች አሰላለፍ ሁሉ አውጥተው ነበር። ምርመራው እስኪያልፍና ክለቡ ራሱ እስኪያስታውቅ ድረስ ማሊያ አትግዙ።

ትልቁን ቁጥር ብቻ ማንበብ

የኦታኒ ውል 700 ሚሊዮን ይባላል፣ ለ10 ዓመት። ግን ከዚያ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ከ2034 እስከ 2043 ነው። በሚጫወትባቸው ዓመታት በየዓመቱ የሚያገኘው 2 ሚሊዮን ነው። ገንዘብ ሲቆይ ዋጋው ስለሚቀንስ ሊጉ ብዙ ደመወዝ በሚከፍል ክለብ ላይ ለሚጥለው ቀረጥ ሲያሰላው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ይይዘዋል። ሶቶ በዲሴምበር 2024 ከሜትስ ጋር የፈረመው 765 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ነው፤ የሚዘገይ ክፍያ የለበትም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «65 ሚሊዮን ይበልጣል» ማለት ስህተት ነው። ልዩነታቸው ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው።

እኛ ዋሽንግተኖች ይህን በደንብ ልናውቀው ይገባል። ማክስ ሼርዘር በ2015 ለ7 ዓመት በ210 ሚሊዮን ሲፈርም ግማሹ ወደፊት እንዲከፈል ነበር። በ2021 ከሄደ በኋላም ናሽናልስ እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፍለዋል። ብራይስ ሃርፐር በ2018 ናሽናልስ ያቀረበለትን የ10 ዓመት 300 ሚሊዮን ሲተውም ሰዎች «ስስታም» አሉት። ከዚያ ገንዘብ ትልቅ ክፍል ዘግይቶ የሚከፈል እንደነበር የጠቀሰው ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ ቤዝቦል ውስጥ የደመወዝ ጣሪያ የለም። ያለው የቀረጥ መስመር ነው፣ የክለቡ ጠቅላላ ደመወዝ ከዚያ ካለፈ ቀረጥ ይከፍላል፤ በ2025 241 ሚሊዮን ነበር። «ቦታ የለንም» የሚል ክለብ ብዙ ጊዜ «አንከፍልም» ማለቱ ነው።

በዲሴምበር ተስፋ መቁረጥ

የክለብ ኃላፊዎች በዲሴምበር ሲሰበሰቡ ቡድናችን ማንንም ካላስፈረመ ጩኸቱ ይጀመራል። ነጻ ተጫዋች ለማስፈረም ግን እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የሚዘጋ መስኮት የለም። ሃርፐር ከፊላደልፊያ ጋር የተስማማው በፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ ነው። ብሌክ ስኔልና ጆርዳን ሞንጎመሪ በ2024 የፈረሙት ማርች ላይ ነው። ጠብቁ።

በፈረመበት ቀን መፍረድ

ሃርፐር ሲሄድ ዋሽንግተን አለቀላት ተባለ። በዚያው ዓመት፣ በ2019፣ ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጀመረና ወርልድ ሲሪስን ወሰደ።

ፒቸሩ ፓትሪክ ኮርቢን የዚያን ዓመት በ6 ዓመት፣ 140 ሚሊዮን ነበር የመጣው። ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ፣ በየ9 ኢኒንጉ (አንድ ሙሉ ጨዋታ 9 ኢኒንግ ወይም ዙር ነው) በአማካይ ከ5 ሩጫ (ነጥብ) በላይ ይገባበት ነበር። ብዙ ሰው ውሉን ሲረግም ሰምቻለሁ። ግን በሂውስተን በተደረገው የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ተተክቶ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ አንድም ሩጫ ሳይገባበት የወረወረው፣ አሸናፊ ፒቸር ሆኖ የተመዘገበውም እሱ ነው። ያ ውል ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ? እኔ ሺህ ጊዜ ቢመለስ አስፈርመዋለሁ።

ከዋንጫው በኋላ ከእኛ ተጫዋቾች ስቲቨን ስትራስበርግ እዚሁ ከናሽናልስ ጋር፣ አንቶኒ ሬንዶን ደግሞ ከኤንጀልስ ጋር ፈረሙ። ሁለቱም 7 ዓመት፣ ሁለቱም 245 ሚሊዮን። የዚያን ሰሞን ቡና ላይ ስንከራከር የነበረው «ከሁለቱ ማንን ማስቀረት ነበረብን?» በሚለው ነበር። ስትራስበርግ በጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ የጀመረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ሬንዶንም በጉዳት ብዙ ወቅት አለፈው። ማናችንም ትክክል አልነበርንም፤ ማወቅም የምንችልበት መንገድ አልነበረም።

ሰው መሆናቸውን መርሳት

«ሽጠው፣ አስወግደው» እያልን ስናወራ ስለ ዕቃ የምናወራ ይመስላል። ለ10 ዓመት ሜጀር ሊግ የተጫወተና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ልውውጥን እንቢ ማለት ይችላል። በውሉ ውስጥ ይህን መብት ያስጻፈም አለ። ሌላው ግን ሂድ ሲባል ይሄዳል።

ይህኛው የብርድ ወራት ታሪክ አይደለም፣ የጁላይ ነው፤ ግን እነግራችኋለሁ። ዊልመር ፍሎሬስ ከቬኔዝዌላ መጥቶ ሜትስን የተቀላቀለው በ16 ዓመቱ ነው። በጁላይ 29፣ 2015 ጨዋታ ላይ ሳለ ወደ ሚልዋኪ ተሽጧል የሚል ወሬ ተሰማ። ስልክ የያዘው ተመልካች ከእሱ ቀድሞ አወቀ፣ ተነስቶም አጨበጨበለት። ፍሎሬስ ሜዳ ላይ ቆሞ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ በቴሌቪዥን ታየ። ልውውጡ ግን በሕክምና ምርመራ ምክንያት ፈረሰ፤ እዚያው ቀረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሜትስ የተጫወተው ከእኛ ጋር ነበር። አንድ ለአንድ ሆነው 12ኛው ኢኒንግ ላይ ፍሎሬስ ኳሱን ከአጥሩ ውጪ ላከው፣ ጨዋታውም አለቀ። ተሸነፍን። ወደ ሆም ፕሌት (ሩጫው የሚያልቅበት ቦታ) ሲቃረብ ደረቱ ላይ «ሜትስ» የሚለውን ጽሑፍ በእጁ ጨብጦ እየጎተተ ለተመልካቹ ያሳይ ነበር።