በአንድሮይድ አፕ ውስጥ ቀለምና ስታይልን በቲም አትሪቢዩት እንዴት መጥራት ይቻላል?

ሌይአውት ፋይል (የስክሪኑን አቀማመጥ የሚገልጸው ፋይል) ውስጥ ቀለም በሁለት መንገድ ይጠራል። በ«@» የሚጀምረው ቀጥተኛ ጥሪ ነው፤ ስሙ የተጠቀሰውን ሪሶርስ (እንደ ቀለም ያለ በፋይል የተቀመጠ ዋጋ) ያመጣል፣ ስክሪኑ የትኛውን ቲም (የአጠቃላይ ገጽታ ቅንብር) እንደለበሰ አይጠይቅም። በ«?» የሚጀምረው የቲም አትሪቢዩት (ቲሙ ዋጋ የሚሰጠው ስም) ግን የቀለሙን ሥራ ብቻ ይናገራል፤ «ዋና ቀለም» ሲባል የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ቲሙ ነው። ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ ሌይአውት በ«?» ይጠይቅ፣ ቲም በ«@» ይመልስ።

መጀመሪያ በከለርስ ፋይል ውስጥ ቀለሞችን በመልካቸው ይሰይሙ፤ «ሰማያዊ 500» ጥሩ ስም ነው። «የአዝራር ቀለም» የሚል ስም እዚህ አይግባ፤ ሥራ መመደብ የቲሙ ድርሻ ነው።

ቀጥሎ በቲምስ ፋይል ውስጥ ለከለርፕራይመሪ «ሰማያዊ 500»ን፣ በላዩ ለሚጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ለከለርኦንፕራይመሪ ነጭን ይስጡ። ለዳርክ ሞድ በቫልዩስ-ናይት ፎልደር ያንኑ ቲም በፈዘዙ ቀለሞች ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ተመሳሳይ ስም ያለው የማታ ቲም የቀኑን ሙሉ በሙሉ ይተካል እንጂ አይቀላቀለውም። ማታው ላይ የተረሳ አትሪቢዩት ከወላጅ ቲሙ (ከሚወርሰው ቲም) ይወሰዳል፤ እርስዎ የፈጠሩት ከሆነና ወላጁም ከሌለው አፑ ስክሪኑን ሲከፍት ይቆማል። መፍትሔው የጋራውን ሁሉ በአንድ መነሻ ቲም አስቀምጦ ሁለቱንም ከእሱ ማስወረስ ነው።

በማቴሪያል (በጉግል የዲዛይን ስብስብ) ቲም ውስጥ የሌለ የቀለም ሚና ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ የ«ተሳክቷል» መልእክት ቀለም፣ በአትርስ ፋይል ስሙን ይጻፉ፣ ፎርማቱን ከለር ያድርጉ፣ ከዚያ በየቲሙ ዋጋ ይስጡት።

አሁን ሌይአውቶቹን ይፈትሹና በ«@» የተጠሩትን ቀለሞች በ«?» ይተኩ። በማንኛውም ገጽታ መለወጥ የሌለበት የአርማ ቀለም ግን በቀጥታ ቢጠራ ይሻላል።

ለአዝራሮች የራስዎን ስታይል ከማቴሪያል አዝራር አስወርሰው ይሥሩና ቲሙ ውስጥ ማቴሪያልበተንስታይል ለሚለው አትሪቢዩት ይስጡት፤ በየአዝራሩ ስታይል መጻፍ ይቀራል። የቅድሚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሌይአውቱ ላይ በቀጥታ የተጻፈው ያሸንፋል፣ ከዚያ የአዝራሩ ስታይል፣ ከዚያ የቲሙ ነባሪ ስታይል። ስታይል ለአንድ ቪው (እንደ አዝራር ላለ የስክሪን ክፍል) ብቻ ይሠራል፤ ቲም ግን በቪው ውስጥ ወዳሉት ልጆቹም ይወርዳል።

ቀለሙ ከጠፋ ወይም አፑ አትሪቢዩቱን መፍታት ካቃተው በመጀመሪያ ኮንቴክስቱን (ለሌይአውቱ ቲምና ሪሶርስ የሚያቀርበውን ኦብጀክት) ይመልከቱ። ሌይአውቱ በአፕሊኬሽን ኮንቴክስት ከተከፈተ የአክቲቪቲው (የአፑ አንድ ስክሪን) ቲም አይደርሰውም፤ የአክቲቪቲውን ወይም የወላጅ ቪውን ኮንቴክስት ይስጡት። ኮድ ውስጥም የአትሪቢዩትን መለያ ቀለም ለሚያመጣው ጌትከለር ፈንክሽን መስጠት «ሪሶርሱ አልተገኘም» የሚል ስህተት ያመጣል፤ በማቴሪያልከለርስ ክላስ በኩል ቪውን ጨምረው ይጥሩት። ድሮዌብል (የሥዕል ሪሶርስ) ውስጥ «?» የሚሠራው ከኤፒአይ 21 (የአንድሮይድ ሥሪት ደረጃ) ጀምሮ፣ በከለር ስቴት ሊስት (እንደ ቪው ሁኔታ የሚለዋወጡ ቀለሞች ዝርዝር) ውስጥ ደግሞ ከ23 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ላሉ ስልኮች ስቴት ሊስቱን በአፕኮምፓትሪሶርስስ ክላስ ይጫኑ።