ጥሩ የበረራ አስተማሪ ለመሆን፦ እጅ መቼ ይሰበሰባል፣ መቼ ይዘረጋል

ጎበዝ ፓይለት ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ ይሆናል ማለት አይደለም። ማብረር አንድ ሙያ ነው። ገና መሪ ከጨበጠ ሰው አጠገብ ተቀምጦ አውሮፕላኑን በራሱ እጅ እንዲያሳርፍ ማድረግ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ምሳሌዬ ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት፤ ሕጉን የምጠቅሰው ከአሜሪካ ነው።

1. መሬት ላይ ጀምሩ። ኮክፒት፣ ማለትም የፓይለቱ መቀመጫ ክፍል፣ መጥፎ መማሪያ ክፍል ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ሰልጣኙን ላብ አጥምቆታል፣ ሰዓቱም በገንዘብ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አዲስ ነገር ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ይጠናቀቅ። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀትም ይረዝማል። ሰልጣኙ ይህን ቁጭ ብሎ ያስላው እንጂ ማኮብኮቢያው እያለቀበት አይማረው።

2. ከበረራ በፊት ያለውን ፍተሻ አብራችሁ ዙሩ። ከክንፉ ሥር ነዳጅ በመፈተሻዋ ብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን ያዙት። 100 ሎው ሊድ የሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለበት ከታች ይተኛል። የነዳጅ መጠን የሚያሳየውን ጌጅ ብቻ አትመኑ፣ ወጥታችሁ ታንኩን ክፈቱና እዩ። «ጠዋት አይቼዋለሁ፣ እንሂድ» ያላችሁ ቀን ሰልጣኙ የሚማረው እሱኑ ነው።

3. መሪው የማን እንደሆነ በቃል ይነገር። ሰጪው «ያንተ ነው» ይላል፣ ተቀባዩ «የኔ ነው»፣ ሰጪው እንደገና «ያንተ ነው»፤ ከዚያ በዓይን ይረጋገጣል። ድግግሞሹ አሰልቺ ነው፣ ግን ሁለታችሁም ሌላው ይዞታል ብላችሁ መሪውን ከመልቀቅ ይሻላል።

4. ይሳሳት፣ ግን ልክ አብጁለት። ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። ሰልጣኙ ሊያርፍ ሲል መሪውን ቶሎ ይስባል፣ አውሮፕላኑ መልሶ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። እጃችሁ ይበላችኋል። ወዲያው ከነጠቃችሁት ምንም አይማርም፤ ከዘገያችሁ ደግሞ ጎማው መሬቱን በኃይል ይመታል። መፍትሔው ገና ከመነሳታችሁ በፊት መወሰን ነው፦ ከዚህ ፍጥነት በታች ከወረደ፣ ከመሐል መስመሩ ይህን ያህል ከወጣ፣ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ድረስ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ፣ መሪው አጠገብ ሆኖ። መጀመሪያ በቃል እርዱት፦ «አትሳብ፣ ያዘው፣ ትንሽ ጋዝ»። ካልሰማ ወይም ልኩ ካለፈ «የኔ ነው» በሉና ጋዝ ሰጥታችሁ ተነሱ። ያኔ ማብራራት አያስፈልግም፣ ከፍታ ስትይዙ ታወራላችሁ።

5. አትጩሁ። «በቁጣ የተማረ ይጠነክራል» የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የተቆጡት ሰልጣኝ ያልገባውን «ገብቶኛል» ይላል፣ እናንተም አምናችሁት ወደሚቀጥለው ትምህርት ታልፋላችሁ። ካረፋችሁ በኋላ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፦ «ሦስተኛዋ ማረፊያ ላይ ምን ሆነ?» ራሱ ከደረሰበት የእናንተ ሥራ ቀለለ።

6. ፊርማችሁን አክብሩ። ሰልጣኝ ብቻውን ከመብረሩ በፊት በጽሑፍ ይፈተናል፣ የሳታቸውንም ጥያቄዎች አብራችሁት ታያላችሁ። ከዚያ በሎግቡኩ (በበረራ መዝገብ ደብተሩ) ላይ ለዚያው የአውሮፕላን ዓይነት ትፈርማላችሁ፤ ፈቃዱ የሚሠራው ለ90 ቀን ነው። የፈረማችሁበትን መዝገብ ለ3 ዓመት ታስቀምጣላችሁ። ቤተሰቡ ካሜራ ይዞ ሜዳው ዳር ቢቆምም፣ ነፋሱ ከጎን እየመታ ከሆነ «ዛሬ አይሆንም» በሉ። ይቀየማሉ፣ ይቀየሙ።

7. ራሳችሁንም ፈትሹ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ በበረራ ማስተማር ክልክል ነው። ብዙ አስተማሪ በሰዓት ስለሚከፈለው አንዲት በረራ ልጨምር ማለት ያጓጓል፤ እንቅልፍ ካላችሁ ግን 8ቱም ይበዛሉ።

አንድ ሰልጣኝ እዚያው ስህተት ላይ ከተቸከለ፣ ሳታፍሩ ለአንድ ቀን ለሌላ አስተማሪ ስጡት። ብዙ ጊዜ እናንተ በብዙ ቃል ያላስረዳችሁትን ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታዋል። ተማሪ ተነጠቅኩ ብላችሁ አታኩርፉ፣ ምን ብሎ እንዳስረዳው ጠይቁና ለሚቀጥለው ተጠቀሙበት።