ቤት "ስማርት" ሲደረግ፦ ባሕር ዳር ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ስልኩን አዙሮ ግራፍ አሳየኝ። ሽቅብ የሚወጣ ግራፍ ነው። የዓለም የስማርት ቤት (ዕቃው በስልክ የሚታዘዝ ቤት) ገበያ እንዲህ እያደገ ነው አለኝ። አንድ ካርቶን አምፖል፣ አንድ ካርቶን ቴርሞስታት (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ) ከዱባይ ላስመጣ አስቤያለሁ፣ ምን ትላለህ?

"ቴርሞስታቱን ማን ይገዛሃል?" አልኩት። ዝም ብሎ ቡናውን አማሰለ።

እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ግን ቅዳሜና እሁድ የዘመድ አዝማድ ቤት እየዞርኩ ሶኬት፣ ካሜራና አምፖል ስገጥም ዓመታት ሆኖኛል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኛዎቹን የሠራሁት ራሴ ነኝ። በሰው ቤት፣ በሰው ገንዘብ።

የውጭውን ግራፍ አይቶ መግዛት

በመጀመሪያ ግራፉ ምን ምን ቆጥሮ ነው? አንዱ አጥኚ ቴሌቪዥኑንና ድምፅ ማጉያውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ሌላው ቁልፍና መብራት ብቻ። ስለዚህ ቁጥሮቻቸው አይገናኙም።

ዋናው ግን ገበያው እዚያ ለምን እንዳደገ ነው። ኔስት የተባለው ድርጅት ቴርሞስታቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2014 ጉግል በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለአንዲት ክብ ነገር የወጣው፣ በዚያ አገር ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ የቤተሰብን ኪስ የሚያራቁት ወጪ ስለሆነ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ቤት የሚያሞቅ አለ? በሚያዝያ ሙቀት ማራገቢያው እንዳይቆም ነው የምንጸልየው።

በዚያው በ2014 አማዞን በድምፅ የሚታዘዘውን ኢኮ አስተዋወቀ። እሱም ገበያውን ከፍ አድርጎታል። ግን ውስጡ ሆና ትእዛዝ የምትቀበለው አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። አንድ ቤት ገጥሜ የቤቱ እናት "አሌክሳ" ለማለት ሲያፍሩ አይቻለሁ። በራሳቸው ሳሎን የማያውቁትን ሰው እንደመጥራት ሆነባቸው።

እዚህ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ ውጭ አገር ሆኖ ግንቡን የሚያይበት ካሜራ፣ የግቢ መብራት፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ። ጓደኛዬን ቴርሞስታቱን ትተህ ባትሪውን አምጣ ብዬዋለሁ።

ምጣድን በስማርት ሶኬት መሰካት

አክስቴ አባይ ማዶ ነው የምትኖረው። ላስደስታት ብዬ አንድ ስማርት ሶኬት ወሰድኩላት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ ምጣዱ ራሱ ተነሥቶ ግሎ ይጠብቃታል። ደግነቱ በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ሦስተኛው እንጀራ ላይ፦ "አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ሸተተኝ" አለች።

"ምንም አይደል እትዬ" አልኩ። እያልኩ ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። ሶኬቱ በእጅ አይነካም። ነጩ ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል፣ እንደ ጧፍ ለስልሷል። ስነቅለው የምጣዱ መሰኪያ ይዞት መጣ።

ሒሳቡን ቀድሜ መሥራት ነበረብኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሶኬቱ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነበር። 10 በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ነው፤ የምጣዱን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። 16 አምፔር የሚለው እንኳ 3,520 ዋት ላይ ያበቃል። ያም ለአጭር ጊዜ እንጂ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሚጋገርበት አይደለም። ቦይለርም ጽሑፉን ሳያዩ የሚሰካ አይደለም።

የግድ ከተፈለገ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኮንታክተር ማስገባት ነው። ትንሹ ሶኬት ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል፣ ከባዱን ኃይል የሚሸከመው ኮንታክተሩ ይሆናል። እኔ ግን ምጣድ ሰው በሌለበት ባይበራ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ፎጣ ላዩ ላይ ቢረሳስ?

አክስቴ የቀለጠውን ሶኬት አልጣለችውም። ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጋር አስቀምጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን ትናገርበታለች።

መብራት ሲመለስ ምን እንደሚሆን አለማሰብ

ይህ ለእኛ ከተማ ዋናው ነው። ጢስ አባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል። 460 ሜጋዋት ያለው ጣና በለስም ውሃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ማመንጫ ከጎናችን ሆኖ እኛ ሻማ መፈለጋችን የራሱ ወግ ነው።

ስማርት አምፖል ኃይል ሲያገኝ፣ ካልነገራችሁት በቀር፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ብርሃን ይበራል። ማን እንዳጠፋው አያውቅማ። አምፖሎቹን ቤቴ የገጠምኩ ሰሞን ማታ መብራት ሄደ፤ ጨለማ ነው ብለን ተኛን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ። አምስት ክፍል በአንዴ ቦግ! ልጆቹ ነጋ ብለው ተነሡ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፣ አየችኝ ብቻ።

መድኃኒቱ አፑ ውስጥ አለ። ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ ፈልጉና "እንደነበረ" ወይም "ጠፍቶ ይቆይ" በሉት። ምርጫው የሌለው አምፖል አትግዙ።

ሌላም አለ። ክረምት ላይ መብራቱ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ የሚልበት ቀን አለ። ብዙዎቹ አምፖሎች ደግሞ ሪሴት የሚደረጉት (እንደ አዲስ የሚጀምሩት) ቶሎ ቶሎ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው። ገባችሁ አይደል? መስመሩ ራሱ ሪሴት ያደርጋቸዋል። ዋይፋዩን ረስተው ሲያርገበግቡ ታገኟቸዋላችሁ። ለዚህ ነው አሁን አሁን አምፖሉን ተራ አድርጌ ማብሪያ ማጥፊያውን ስማርት የማደርገው። አብዛኛው ስማርት ማብሪያ የሚሠራው ግን ግድግዳው ውስጥ ኒውትራል (የመመለሻ) ሽቦ ካለ ነው። በድሮ ቤቶች ማብሪያው ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ብቻ ነው። ሳትገዙ በፊት ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ይይላችሁ።

ራውተሩም አይረሳ። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት (ግን ጀርባውን አንብቡ፣ 9 የሆነም አለ)። ለእነሱ የተሠራች ትንሽ ዩፒኤስ (ቅድም ያልኳት ባትሪ) ለሰዓታት ታቆያቸዋለች። ከገጠምኳቸው ዕቃዎች ሁሉ አንድም ቀን ቅሬታ ያልመጣባት እሷ ናት።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ሳቅ ያስመጣል፣ ግን ሦስት ቤት አይቻለሁ። የግቢው መብራት ማታ 12 ሰዓት ይብራ ተብሎ 12:00 ተሞላ። አፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። መብራቱ በየቀኑ እኩለ ቀን፣ 6 ሰዓት ላይ ይበራል። የአንዱ ግቢ ጥበቃ ሳምንቱን ሙሉ ከምሳ በፊት እየሄዱ በትዕግሥት ሲያጠፉት ነበር። 18:00 ነው የሚሞላው። ከዚያም የሚሻለው "ፀሐይ ስትጠልቅ" የሚለውን መምረጥና ቦታውን ባሕር ዳር ማለት ነው።

ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ማንጠልጠል

ርካሹ አምፖል ስታበሩት ትእዛዙ ከስልካችሁ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር (የድርጅቱ ኮምፒውተር) ደርሶ ነው ሁለት ሜትር አጠገባችሁ ወዳለው አምፖል የሚመለሰው። መስመር ካለ አይታወቅም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ገደማ በክልሉ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለብዙ ወራት እንደተቋረጠ ሲቆይ፣ በሲም ካርድ የሚሠሩ ራውተሮች ላይ ያንጠለጠልኳቸው ቤቶች ሁሉ ተራ ቤት ሆኑ። አንዱ ዘመዴ በሩን በአፕ ብቻ ነበር የሚከፍተው። ደግነቱ የብረት ቁልፉን አልጣለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤቱን ስማርት ዕቃዎች አንድ ላይ የሚያዝ፣ 300 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ማዕከል ነበር፤ ኔስት ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2016 ሰርቨሩ ተዘጋና ዕቃው ሞተ። ኢንስቲዮን የሚባለው የስማርት ቤት ዕቃ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 ላይ ሰርቨሩ ድንገት ጠፋ። ደንበኞቹ ጠዋት ሲነሡ አፑ አይሠራም።

ስለዚህ ከአዳዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች ለእኛ በጣም የሚጠቅመው ማተር ይመስለኛል። አማዞን፣ አፕልና ጉግል ያሉበት ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ያወጣው የጋራ ቋንቋ ነው። የአንዱን ድርጅት አምፖል የሌላው ስልክ ያዘዋል። ትእዛዙም ከቤት ሳይወጣ እዚያው በቤቱ ዋይፋይ ይፈጸማል። ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ቤት ያስተዳድራል፤ ግን መነካካት ለሚወድ ሰው ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑ። በአንድ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱ። አምፖሉንና ሁለተኛውን ስልክ አገናኙ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስልክ ዳታ አጥፉ፣ ሆትስፖቱ ግን ይቆይ። አምፖሉ አሁንም ከታዘዘ ግዙ። ሻጩ ፊቱን ካኮማተረም ፈትኑ።

"ከአሜሪካ የመጣ ነው" ብሎ መሰካት

ሻንጣ ውስጥ የመጣ ዕቃ ጥሩ ይመስላል። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ በእኛ 220 አንድ ጊዜ ጢስ ብሎ ያልፋል። 100-240 የሚል ከሆነ ደህና ነው። ዚ-ዌቭ (ዕቃዎቹ ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት አንድ መንገድ) የሚለውን ተዉት፤ የአሜሪካው በ908፣ የአውሮፓው በ868 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ እርስ በርስ አይሰማሙም። ዚግቢ የሚባለው ሌላው መንገድና ዋይፋይ ይሻላሉ። ብዙ ርካሽ ዕቃ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ እንደሚይዝም አስታውሱ። "አልገናኝ አለኝ" ተብሎ ከሚደወልልኝ ግማሹ ስልኩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሆኖ ነው።

ካሜራ ሰቅሎ መርሳት

የሐይቁ ዳር ካሜራ ከትንኝ ጋር ነው የሚኖረው። ማታ የካሜራው የማይታይ ብርሃን አጠገቡ የምታልፈውን ትንኝ ያበራትና እርግብ ታክላለች። ሸረሪቷም ትንኝ ያለበትን አታጣም፤ መስታወቱ ላይ ድሯን ታደራለች። አንድ ባለቤት ከዋሽንግተን ሌሊት 8 ሰዓት እየደወሉ "ግቢ ውስጥ ነጭ ነገር ይሮጣል" እያሉ ጥበቃውን ሲያስነሡ ከረሙ። ቪዲዮውን ላኩልኝ። ስምንት እግር ነበረው። ካሜራውን ከግቢው አምፖል አራቅን፣ ሰው ብቻ ሲያይ እንዲያሳውቅ አስተካከልን፣ ጥበቃው ደግሞ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ጫፍ ይጠርጉታል። የኋለኛው ነው በጣም የሠራው።

የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ሰው ሳይቀይረው በተወው ቃል ካሜራዎችን ሰብስቦ ትላልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል።

ቀረጻውም ካሜራው ውስጥ ባለ ሜሞሪ ካርድ ይሁን። አለዚያ እያንዳንዷ ትንኝ በጥቅላችሁ ዳታ ወደ ውጭ ትላካለች።

ደግሞ ለሰው ንገሩ። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች። ግን ከአዋጁ በፊት ነውር የሚባል ነገር አለ። ወጥ ቤት ካሜራ ሰቅሎ ለምትሠራው ልጅ አለመንገር ነውር ነው። አንድ ቤት ይህንኑ ሲጠይቁኝ መሰላሌን ይዤ ወጣሁ።

የሚሠራውን ነገር "ስማርት" ማድረግ

የአክስቴ ነገር አላለቀም። ከምጣዱ በኋላ ለመካስ ብዬ ለሮቶዋ የውሃ መጠን የሚለካ ሴንሰር ገዛሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገጠምኩ። ስልኬን አውጥቼ "ይኸው፣ 60 በመቶ ነው" አልኳት።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ከታች ሆነው በከዘራቸው የሮቶውን ጎን ከላይ ወደ ታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ድም አደረጉት። ድምፁ የተለወጠበት ላይ ከዘራውን አቆሙና "እዚህ ጋ ነው" አሉ።

ልክ ናቸው። ሴንሰሩን በማግስቱ አወረድኩት። ባትሪዎቹ አሁን የአክስቴ ቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ ናቸው።