ከጎጃም ወደ ጓቴማላ፦ ከባዱ መንገዱ ነው

ጓቴማላ ከደረሳችሁ በኋላ ነገሩ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። በአሜሪካ በኩል ትኬቱ ቢረክስ እንኳ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የአሜሪካ ቪዛ ትጠየቃላችሁ። በማድሪድም ቢሆን ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ ለማለፍ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ ኮፓ በሚባለው የፓናማ አየር መንገድ እስከ ፓናማ፣ ከዚያ ጓቴማላ ሲቲ ነው። ይረዝማል፣ ወገብም ያሳምማል፤ ግን እኔ ብሆን ቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ትኬቱን አንድ ላይ ቁረጡት። ለየብቻ ከሆነ ሻንጣ ለማንሳት ብቻ ብራዚል መግባት ሊኖርባችሁ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ቪዛ።

የጓቴማላ ቪዛ እጃችሁ ሳይገባ ግን ለትኬት አትክፈሉ። «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም አይጠፋምና የሚመለከታችሁን የጓቴማላ ኤምባሲ ራሳችሁ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ፣ ካርዱንም ያዙ። የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ቡኪንግ በወረቀት ይኑራችሁ። በዚህ መስመር ወደ አሜሪካ በየብስ የሚሻገር ሐበሻ ስላለ ጥያቄው ይበዛል። አትበሳጩ፣ ወረቀቱን አሳዩ።

ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ይዛችሁ ወደ አገሩ ገንዘብ፣ ወደ ኬትሳል ቀይሩ።

ዋና ከተማው ላይ ጊዜ አታባክኑ። ከአየር ማረፊያው በሚኒባስ በቀጥታ ወደ አንቲጓ ከተማ ሂዱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ርካሹ ካሚዮኔታ ነው፦ አሜሪካ የተማሪ ሰርቪስ የነበረ አሮጌ አውቶቡስ፣ ዙሪያውን በቀለም ያሸበረቀ፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራበት፣ ለሁለት በተሠራ ወንበር ሦስት ሰው የሚጠጋጋበት። ታሪፉን ከጎን የተቀመጠውን ተሳፋሪ ጠይቁ፣ ዝርዝር ያዙ፣ ከመሸ አትሳፈሩ።

አቲትላን ሐይቅን ግን እንዳታልፉት። ፓናሃቼል ወርዳችሁ ላንቻ በሚሏት ጀልባ ከመንደር መንደር ትዞራላችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ሦስት እሳተ ገሞራ ተደርድሮ። በጠዋት ተሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ ሾኮሚል የሚባል ነፋስ ይነሳና ጀልባዋ ትንገላታለች፤ ጣና ላይ ማዕበል የያዘው ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የማያን ጥንታዊ ከተማ ቲካልን ለማየት በአውሮፕላን ፍሎሬስ ግቡ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናችሁ።

ዝናባቸው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፣ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሂዱ። አካቴናንጎ ተራራ (3,976 ሜትር) ላይ ለማደር ካሰባችሁ ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ ሌሊቱ ቆፈን ነው።

ለጿሚ ደግሞ አገሩ ይመቻል፤ ጥቁር ቦሎቄና የበቆሎ ቶርቲያ የትም አለ። ብቻ ቦሎቄውን አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚያቁላሉት ስታዝዙ «ሲን ማንቴካ» በሉ፣ ያለ ስብ ይሠሩላችኋል።