በአሮጌው ማይክሮ ኒኮር 55 ሚሜ በቅርብ ማንሳት

ማይክሮ ኒኮር 55 ሚሜ ኤፍ 3.5 ሰነድ ጥርት አድርጎ ለመቅዳት ታስቦ የተሠራ የኒኮን ሌንስ ነው። ምስሉ ከመሃል እስከ ጠርዝ እኩል ስለሚጠራ ለቴምብር፣ ለሳንቲም፣ ለብራና ጽሑፍና ለአበባ ዛሬም አስተማማኝ ነው። አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ ምስሉን የሚያጠራበት ዘዴ) የለውም፤ በዚህ ቅርበት ግን አውቶፎከስ ወዲያ ወዲህ እየዋለለ ስለሚያስቸግር ብዙም አያስቆጭም።

ሲገዙ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እስከ መጨረሻው ይክፈቱና ከኋላ በስልክ መብራት እያበሩ ውስጡን ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምስል አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ሻጋታ ነውና ይተዉት። የፎከስ ቀለበቱ ከጠጠረ ግራሱ ደርቋል፤ ባለሙያ ያድሰዋል። በአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት ካለ በዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ በቅጽበት መዘጋት ያቅታቸውና ፎቶው ከልክ በላይ ይነጣል። መስታወት በሌለው ካሜራ ላይ አፐርቸሩ አስቀድሞ በእጅ ስለሚዘጋ ችግሩ ያን ያህል አይሰማም።

በሶኒ ኢ ካሜራ ላይ ለመግጠም ተራ አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይበቃል። የኒኮን ኤፍ ሌንስ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን እስከሚቀበለው ሰሌዳ) 46.5 ሚሜ ይፈልጋል፣ ሶኒው 18 ሚሜ አለው፤ አዳፕተሩ የሚሞላው 28.5 ሚሜውን ልዩነት ነው። ካሜራው ማንሳት እምቢ ካለ፣ ያለ ሌንስ ማንሳት የሚፈቅደውን ምርጫ ከሜኑው ያብሩ። ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ካለው የሌንሱን ቁጥር 55 ሚሜ ብለው ይሙሉለት። ጥንቃቄ፦ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራና የአፐርቸር ቀለበቱ ያልተለወጠ ሌንስ እንደ ዲ750 ባለ ኒኮን ላይ በፍጹም አይግጠሙ፤ የካሜራውን ትንሽ ምላስ ሊሰብር ይችላል።

ሌንሱ ብቻውን እስከ 1 ለ 2 ይደርሳል፤ ማለትም ዕቃው ሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኑ ያርፋል፤ በፉል ፍሬም (24 በ36 ሚሜ ሴንሰር) 48 በ72 ሚሜ ስፋት ይይዛል። 1 ለ 1 ከፈለጉ 27.5 ሚሜ ርዝመት ያለውን ፒኬ 13 ቀለበት በሌንሱና በካሜራው መካከል ይጨምሩ። ያኔ ብርሃኑ በሁለት ስቶፕ (ወደ ሩብ) ይቀንሳል፦ 1/125 ሰከንድ የነበረው 1/30 ይሆናል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚፈልጉትን መጠን በፎከስ ቀለበቱ ይወስኑና ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አይንኩት። በ3.5 ከፍተው፣ ምስሉን በስክሪኑ አጉልተው፣ ካሜራውን ራሱን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ያጥሩ። ቀለበቱን ካዞሩ መጠኑ አብሮ ስለሚለወጥ መጨረሻ የሌለው ማስተካከል ውስጥ ይገባሉ። ከጠራ በኋላ ወደ 8 ይዝጉና በ2 ሰከንድ መዘግየት ያንሱ። በ1 ለ 1፣ በኤፍ 8፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሜ ያህል ብቻ ነው። በኤፍ 16 ጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። ከዚህ ይልቅ በ8 ላይ ካሜራውን በጥቂቱ እያስጠጉ ደጋግሞ ማንሳትና በኮምፒውተር ማዋሃድ በጣም ይሻላል።

ቴምብርና ሳንቲም ላይ አንዱ ጠርዝ ከደበዘዘ ካሜራው ዘምሟል ማለት ነው። ትንሽ መስታወት በዕቃው ቦታ አጋድመው በካሜራው ይዩ፤ የሌንሱ ነጸብራቅ በትክክል መሃል ላይ ሲያርፍ ካሜራው ቀጥ ብሏል። በ1 ለ 1 ሌንሱ ከዕቃው የሚርቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የራሱ ጥላ ያርፍበታል። ብርሃኑን ከጎን ያምጡና በተቃራኒው ነጭ ወረቀት ያቁሙ። ለነፍሳት ከ1 ለ 2 አይለፉ፤ ፍላሹን በነጭ ወረቀት ሸፍነው በ1/160 ያንሱ።