ከአዲስ አበባ ዳርቻ ወደ አውሮፓ የጋራ የምርምር ማዕከላት፦ ከፋዩን አውቆ ማመልከት

በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ ወይም በሆለታ ባለ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ተመራማሪ የያዘው ጥያቄ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሲሆንበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳንሰው ጥያቄውን ነው። በአቃቂ ወንዝ መስኖ የለማ ጎመን ምን ያህል ክሮሚየም እንደያዘ በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ መለካት ይቻላል። ክሮሚየሙ ግን ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው ባለሦስት ቫለንስ ነው ወይስ ካንሰር አምጪው ባለስድስት ቫለንስ፣ የተከማቸውስ በቅጠሉ ሥር ነው ወይስ በጠርዙ የሚለውን ቅጠሉን ሳያሟሙ ለማየት ሲንክሮትሮን ከተባለው፣ ኤሌክትሮኖችን በትልቅ ቀለበት እያዞረ ኃይለኛ ጨረር ከሚያመነጨው ማሽን የሚገኝ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ሲንክሮትሮን ደግሞ በአገራችን ይቅርና በአፍሪካ አህጉርም የለም።

አውሮፓ ውስጥ ግን መንግሥታት በጋራ ወይም በተናጠል ያቋቋሟቸው፣ ውጤቱን በይፋ ለሚያሳትም ተመራማሪ ያለክፍያ የሚከፈቱ ማዕከላት አሉ። ያለክፍያ ማለት ተጠቃሚው አይከፍልም ማለት እንጂ ከፋይ የለም ማለት አይደለም። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ማመልከቻው የሚወድቅበት በሳይንሱ ድክመት ብቻ ሳይሆን የማን ገንዘብ ለማን እንደተመደበ ሳያጣራ ስለሚያመለክት ነው። ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ ፕሮፖዛል መጻፍ ሳይሆን ከፋዩን መለየት ነው።

ከፋዩን መለየት

አንደኛው ዓይነት ማዕከል መንግሥታት በስምምነት ያቋቋሙትና በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍሉለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ የዚህ ዓይነት ነው፤ የአባል አገራቱ መዋጮ የሚሰላው በብሔራዊ ገቢያቸው መጠን ነው። በፈረንሳይ ግሬኖብል የሚገኘው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ጨረር ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1988 በተፈረመ ስምምነት የቆመ ሲሆን፣ ፈረንሳይ 27.5 በመቶ፣ ጀርመን 24 በመቶ፣ ጣሊያን 13.2 በመቶ፣ ብሪታኒያ 10.5 በመቶ ይከፍላሉ፤ የቀረውን ሌሎቹ ይጋሩታል። ለአመልካች የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የመሣሪያው ሰዓት ሲደለደል የየአገሩ ድርሻ ከመዋጮው ጋር ይነጻጸራል። አባል ካልሆነ አገር የሚመጣ ማመልከቻ መቅረብ ይችላል፣ ይገመገማልም፤ ነገር ግን ለማለፍ በነጥብ ከላይኞቹ ተርታ መሰለፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ዓይነት በአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 723/2009 መሠረት የሚቋቋመው፣ የአውሮፓ የምርምር መሠረተ ልማት ኮንሶርሺየም፣ በምህጻሩ ኢሪክ፣ የሚባለው ሕጋዊ አካል ነው። ብዙዎች ይህን ስም ሲያዩ ገንዘቡ ከብራስልስ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ደንቡ የሚሰጠው ግን በዋናነት ሕጋዊ ሰውነትና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መሆንን ነው፤ የሥራ ማስኬጃውን የሚከፍሉት አባል አገራቱ ናቸው። ስለሆነም ኢሪክ የሆነ ተቋም ድረ ገጹ ላይ «ለዓለም አቀፍ ተጠቃሚዎች ክፍት» ብሎ ቢጽፍም፣ የጉዞና የአበል ወጪ ይሸፍናል ብሎ መገመት አይገባም፤ በጥሪው ላይ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ።

በየአገሩ መንግሥት የሚተዳደሩ ማዕከላትም አሉ፤ በጣሊያን ትሪየስተ ያለው ኤሌትራ የተባለው ሲንክሮትሮን አንዱ ነው። ስለ እርሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የትኞቹ ማዕከላት ሥራ ላይ እንዳሉ ለማየት የአውሮፓ የምርምር መሠረተ ልማት ስትራቴጂ ፎረም የሚያወጣውን የመንገድ ካርታ መመልከት ይጠቅማል። ፎረሙ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን የመጀመሪያውን ካርታ ያወጣው በ2006 ነው። በካርታው «ፕሮጀክት» ተብሎ የተመዘገበ ተቋም ገና በዝግጅት ላይ ያለ ነውና ለእሱ ማመልከቻ ማዘጋጀት ጊዜ ማባከን ነው። «ላንድማርክ» የተባሉት ግንባታቸው የተጠናቀቀ ወይም ብዙ የተራመደ ናቸው። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ በስዊድን ሉንድ የሚገኘው የኒውትሮን ማዕከል ለተጠቃሚ ሳይከፈት ነበር በዚህ ስም የሰፈረው።

የ20 በመቶው ጣሪያ

ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው፣ ከሁሉ በላይም በስህተት የሚነበበው ገንዘብ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማዕቀፍ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቀው ሆራይዘን ዩሮፕ ሲጀመር ወደ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ በጀት የተመደበለት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 2.4 ቢሊዮን ገደማው ለምርምር መሠረተ ልማት ነው። በዚህ ገንዘብ ከሚደገፉት ሥራዎች አንዱ ተመራማሪዎች በሌላ አገር ያለ ማዕከል ሄደው እንዲጠቀሙ ማድረግ ነው፤ ድጋፉ የመሣሪያውን ወጪ፣ የባለሙያ እገዛውን፣ ብዙውን ጊዜም የተጠቃሚውን ጉዞና ማረፊያ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ የኢትዮጵያ ተቋም በሆራይዘን ዩሮፕ ፕሮጀክት ውስጥ አጋር ሆኖ በቀጥታ ገንዘብ መቀበል ይችላል። የማዕከል ተጠቃሚ መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ በኩል አብዛኞቹ አባላቱ ከኅብረቱና በስምምነት ማዕቀፉን ከተቀላቀሉ ተባባሪ አገሮች ውጭ ለሚሠሩ የተጠቃሚ ቡድኖች ከጠቅላላው አገልግሎት የሚደርሰው እስከ 20 በመቶ ነው። የሚቆጠረው ዜግነት ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ በጀርመን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው በአውሮፓ ወገን ይቆጠራል፤ ጀርመናዊ ሆኖ ቂሊንጦ የሚያስተምር ደግሞ በእኛ ወገን።

ስለዚህ የቡድኑ አወቃቀር ዕጣውን ይወስናል። ሦስት ሰው ያለው ቡድን ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አውሮፓ የሚሠሩ ከሆነ ጣሪያው ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ አውሮፓ የሚሠሩ ከሆነ አይገባም። በተጨማሪም በተለመደው ደንብ የቡድኑ መሪና አብዛኞቹ አባላት ማዕከሉ ካለበት አገር ውጭ የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ወደ ትሪየስተ ለመሄድ ጣሊያን የሚሠራ የሥራ ባልደረባን መሪ ማድረግ እንግዲህ በር ከመክፈት ይልቅ ይዘጋል፤ ለዚያ ስፔን ወይም ፖላንድ የሚሠራ ሰው ይሻላል። ይህ ሁሉ ግን እውነተኛ የሥራ ድርሻ ላለው አጋር ነው። ለቁጥር ማሟያ ስም መዋስ በገምጋሚዎች ዘንድ በቀላሉ ይታወቃል፤ ባይታወቅም የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ ማን ይሁን በሚለው ጠብ ያልቃል።

ጣሪያው ኢፍትሐዊ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም፤ የአውሮፓ ግብር ከፋይ ከከፈለው አምስተኛውን ለውጭ ሰው መተዉ ትንሽ አይደለም። ይልቅስ የሚያስቆጨው የእኛ ተቋማት ሰዓቱን አሸንፎ ለመጣ መምህር የአውሮፕላን ትኬት የሚገዙበት የበጀት ርዕስ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ማዕቀፉ እ.ኤ.አ. በ2027 ያበቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን ከ2028 እስከ 2034 ለሚቆየው ቀጣይ ማዕቀፍ በጁላይ 2025 የ175 ቢሊዮን ዩሮ ረቂቅ አቅርቧል። በሁለቱ መካከል በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሠሩ ጥሪዎች ሊሳሱ ስለሚችሉ፣ አሁን ክፍት የሆነውን ጥሪ «የሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» ብሎ ማሳደር አያዋጣም።

ለእኛ የተተዉ በሮች

ትሪየስተ የሚገኘው፣ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎረቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከኤሌትራ ጋር በመሆን ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች የተለየ የተጠቃሚነት ፕሮግራም አለው። ፉክክሩ ከመላው አውሮፓ ጋር ስላልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመልክት ሰው ከዚህ ቢጀምር ይመረጣል። ላምፕ የተባለው፣ በዓለም አቀፍ የፊዚክስና የክሪስታሎግራፊ ኅብረቶች የሚመራው ፕሮግራም ደግሞ መምህርና ተማሪ ጥንድ ሆነው ወደ አንድ የብርሃን ምንጭ፣ ማለትም ሲንክሮትሮን፣ ሄደው እንዲሠለጥኑ ይረዳል።

ሦስተኛው በር አውሮፓ ውስጥ አይደለም፤ የአውሮፓ ገንዘብና ዕቃ ግን አለበት። በዮርዳኖስ የሚገኘው ሰሳሚ የሰርንን አርአያ ይዞ በዩኔስኮ ጥላ ሥር የተቋቋመ ሲሆን፣ ከበርሊን በስጦታ የተገኘ አሮጌ ማሽን ክፍሎችን ይዞ ተነሥቶ፣ ለዋናው ቀለበት ማግኔቶች ደግሞ በሰርን በኩል የአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። ከመጀመሪያዎቹ የጨረር መስመሮቹ (ጨረሩ ከቀለበቱ ወጥቶ ናሙና የሚመታባቸው የመለኪያ ጣቢያዎች) አንዱ ለክሮሚየም ዓይነት ጥያቄ የሚሆነው የኤክስሬይ መምጠጥ መስመር ነው። ለበረራም ይቀርባል፣ የሼንገን ቪዛም አይጠይቅም።

ፕሮፖዛሉን ማዘጋጀት

ከመጻፍዎ በፊት ለጨረር መስመሩ ኃላፊ ሳይንቲስት አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ናሙናው ምን እንደሆነ፣ የክሮሚየሙ መጠን በሚሊግራም በኪሎግራም ስንት እንደሆነ፣ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ይግለጹ። እነዚህ ሰዎች ይመልሳሉ፤ «መጠኑ ከመለኪያችን በታች ነው» የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ ስድስት ወር አትርፎልዎታል።

ገምጋሚዎች ቶሎ የሚይዙት ስህተት የተጠየቀው ጊዜ ያለስሌት መቀመጡ ነው። ጊዜ የሚጠየቀው በፈረቃ ሲሆን በግሬኖብል አንድ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ነው። ለምሳሌ 12 ናሙና ካለዎት፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ የሚለካና አንዱ ልኬት 20 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ 12 ሰዓት ይሆናል። መሣሪያውን ለማስተካከልና የማነጻጸሪያ ውሕዶችን ለመለካት ሌላ ስምንት ሰዓት ቢጨመር 20 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ፈረቃ ተኩል ነው። ሦስት ፈረቃ ይጠይቁ፤ ስሌቱንም ልክ እንዲህ አድርገው ይጻፉት። «ዘጠኝ ፈረቃ» ብሎ መጻፍ ልምድ ማጣትን ከማሳየት ሌላ የሚፈይደው የለም።

የማብቂያ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስሉ። የግሬኖብል መደበኛ ጥሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማርች መግቢያና በሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አካባቢ ስለሚዘጉ፣ ሁለተኛው የሚውለው ጳጉሜን ውስጥ ወይም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። የዲን ፊርማ የሚያስፈልገው ወረቀት ካለ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አስፈርመው ይያዙት።

ናሙናው

ጎመኑን በተለመደው ምድጃ ማድረቅ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል፤ ባለስድስት ቫለንሱ ክሮሚየም ከቅጠሉ ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሲገናኝ ወደ ባለሦስት ስለሚለወጥ፣ ማሽኑ የሚያነበው የማሳውን ሳይሆን የምድጃውን ሥራ ይሆናል። ወዲያውኑ አቀዝቅዞ በቅዝቃዜ ማድረቅ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ማለት ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ሳያረጋግጡ ማሳ አለመውረድ ማለት ነው።

አፈር ለመላክ ካሰቡ ቆም ይበሉ። የአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ጤና ሕግ ከውጭ አገሮች አፈር ማስገባትን ይከለክላል፤ ለሳይንስ ሥራ የሚፈቀደው ተቀባዩ ተቋም ከአገሩ ባለሥልጣን የፈቃድ ደብዳቤ ሲያወጣ ብቻ ነውና ይህን ከማዕከሉ ጋር ከወራት በፊት ይጀምሩ። ለዕፅዋት ናሙና፣ ደርቆ የተፈጨም ቢሆን፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ የግብርና ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ምርምሩ የዘረመል ሀብትን የሚነካ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይቀድማል።

ቪዛና ገንዘብ

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የተለመደው የ15 ቀን የቪዛ ምርመራ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም፣ የሰነድ መስፈርቶችንም ማቅለል ቀርቷል። ስለዚህ ፈረቃው በተመደበ ቀን የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ይችላል። ለሳይንሳዊ ምርምር የሚጓዝ ተመራማሪ በቪዛ ሕጉ መሠረት ከቪዛ ክፍያ ነፃ መሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ይከፍላል፤ ይህ እንዲታይልዎ የግብዣ ደብዳቤው «ለሳይንሳዊ ምርምር» የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው። የማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

የጉዞ ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ተጓዡ አስቀድሞ ከኪሱ ካወጣ በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። የውጭ ምንዛሪ በሚያስቸግርበት አገር ይህ ድጋፉን ከንቱ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ምደባው እንደተነገረዎ ለተጠቃሚዎች ቢሮ ጽፈው ትኬቱንና ማረፊያውን በቀጥታ እንዲገዙልዎ ይጠይቁ። አስቀድሞ ከተጠየቁ የሚያደርጉት አሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት ከተጠየቁ ግን አያደርጉትም።

ከተመለሱ በኋላ የሙከራ ሪፖርቱን በጊዜው ያስገቡ፤ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ያለፈው ሪፖርት ይታያል። በግሬኖብል ደንብ መረጃው ለሦስት ዓመት ለቡድኑ ብቻ ተጠብቆ ከዚያ ለሁሉም ይከፈታል። የዶክትሬት ተማሪ ይዘው የሄዱ እንደሆነ የመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ከዚያ በፊት ታትሞ እንዲያልቅ የጊዜ ሰሌዳውን ከጉዞው በፊት አብረው ያውጡ።