ስኮፕ ቲቪ አይደለም፦ ሃይ ቮልቴጅ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው አብዛኛው እጁን ያፍታታው በቴሌቪዥን ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ለአፓረንት የሚመጡ ልጆች የድሮ ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲግናልን በምስል የሚያሳይ መለኪያ) ሲከፍቱ ቱቦና ወፍራም ገመድ ያያሉ። «አሃ፣ ይሄማ ቲቪ ነው» ይላሉ። አይደለም!

ትልቁ ስህተት የቱቦውን አንገት መናቅ ነው። ባለቀለም ቲቪ ላይ ሁሉም የሚፈራው ከቱቦው ጎን የተሰካውን የጎማ ቆብ ነው። 25 ሺህ ቮልት አካባቢ ስላለው መፈራቱ ልክ ነው። አንገቱ ውስጥ ጨረሩን የሚያወጣው ካቶድ ግን መቶ ምናምን ቮልት ላይ ስለሚቀመጥ የቲቪ ሰው ብዙም አይጨነቅለትም። ስኮፕ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጨረሩን የሚያጣምሙት ሳህኖች በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ከግራውንድ፣ ማለትም ከዜሮ ቮልት፣ ብዙ መራቅ አይችሉም። ጨረሩ ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። መፍትሔው ካቶዱን ወደ ታች መጎተት ነው። ቴክትሮኒክስ 465 የሚባለውን ስኮፕ ብትወስዱ ካቶዱ ከግራውንድ በታች 2,450 ቮልት ላይ ነው። ፊት ለፊት ደግሞ ወደ 15 ሺህ ይጨመርበታል።

ካቶዱን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ፊላመንቱስ? 6.3 ቮልት ነው፣ ግን እሱም ከካቶዱ ጋር አብሮ እዚያው ታች ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ያለው ኢንሱሌሽን ቀጭን ስለሆነ ተለያይተው መቀመጥ አይችሉም። «ስዕሉ ላይ 6.3 ተጽፏል እኮ» ይሉኛል። ተጽፏል! በሁለቱ የፊላመንት እግሮች መካከል ነው 6.3 የሚሆነው። በእግሩና በሻሲው (በስኮፑ የብረት አካል) መካከል ግን ሁለት ሺህ ምናምን ነው። አንዱ ልጅ ጥቁሩን ፕሮብ ሻሲው ላይ አሰረና ቀዩን የፊላመንቱ እግር ላይ አስጠጋ። ቷ አለ። ሜትሩ ስክሪኑ ጠፋ፣ ልጁ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። እግዜር ሲያተርፈው ፕሮቡን የያዘው በፕላስቲኩ በኩል ነበር። ፊላመንቱ መሥራቱን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። የክፍሉን መብራት አጥፉና አንገቱን ተመልከቱ። ቀላ ካለ ይሠራል። ጨርሶ ካልቀላ ስኮፑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ቻርጁን አውርዱ፣ ከዚያ በኦም ለኩት።

ተራ መልቲሜትር 600 ወይም 1,000 ቮልት ድረስ ነው የተሠራው። ከዚያ በላይ አትሞክሩት። የሃይ ቮልቴጅ ፕሮብ ስትጠቀሙም ሜትራችሁ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም መሆኑን እዩ። አብዛኛው ፕሮብ የተሰላው ለዚያ ነው፤ ካልገጠመ ንባቡ ይዋሻል።

ከዝቅተኛዎቹ ቮልቶች ሳይጀምሩ ወደ ሃይ ቮልቴጁ መሮጥም አለ። ስክሪኑ ጨለማ ሆነ ማለት ሃይ ቮልቴጁ ሞተ ማለት አይደለም። 465 ላይ መጀመሪያ 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ኔጌቲቭ 8 ቮልቶቹን ለኩ፣ ሪፕላቸውንም (ቮልቱ ላይ የሚቀረውን መወዛወዝ) እዩ። አንድ ሾርት ያደረገ ታንታለም ካፓሲተር ሁሉንም ይዞ ይወድቃል።

ቻርጅ በካቻቪቴ ማውረድ። ይህንንም ከቲቪ ቤት ነው ይዘውት የሚመጡት። ብልጭታው ዳዮድ ሊገድል ይችላል። ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ለሃይ ቮልቴጅ የሚሆን 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አድርጉ፣ ሌላውን ጫፍ ሻሲው ላይ እሰሩ፣ ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ድገሙት። ካፓሲተርና ቱቦ እንደ ቂመኛ ሰው ናቸው፤ ታረቅን ስትሉ ከደቂቃዎች በኋላ መልሰው ያነሱባችኋል። መብራት ሲሄድም «ጠፋ» ብላችሁ እጅ አትክተቱ። ቻርጁ እዚያው ነው፤ መብራቱም ማብሪያ ማጥፊያውን ሳትነኩ ተመልሶ ይመጣል።

ደህናውን ዳዮድ መጣል። የሃይ ቮልቴጅ ዳዮድ ውስጥ ብዙ ጀንክሽን በተከታታይ ተደርድሯል። የሜትሩ የዳዮድ መለኪያ ይህን ለመክፈት ቮልት አይበቃውም፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው ይላል። ልጆቹ «ሞቷል» ብለው ይነቅሉታል። ከዚያ መርካቶ ወርደው 1ኤን4007 ይገዙና ይተኩታል። እሱ የሚችለው 1,000 ቮልት ነው። የተሠራውም ለ50 ኸርዝ እንጂ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚወዛወዝ ኦሲሌተር አይደለም። ይሞቃል፣ ይፈነዳል። ሬዚስተርም እንዲሁ ነው። ትንሿ ሩብ ዋት ሬዚስተር ብዙ ጊዜ 250 ቮልት ነው የምትችለው። በኦም ተመሳሳይ ናት ብላችሁ በፊድባክ መንገዱ (ሃይ ቮልቴጁን ለክቶ ልኩ ላይ በሚያቆየው መስመር) ላይ አትትከሏት። ካጣችሁ ብዙ ሬዚስተሮችን በተከታታይ አድርጉ።

ስኮፑን ስታበሩ የብርሃን ቁልፉን ዝቅ አድርጉ። ነጥቡ አንድ ቦታ ደምቆ ከቆመ ፎስፈሩን ያቃጥለዋል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም።

የሚያናድደኝ ሌላው የጌይን ፖቶቹን (የምስሉን መጠን የሚያስተካክሉትን ትናንሽ ማዞሪያዎች) ማዞር ነው። ስኮፑ ራሱ ለመፈተሻ የሚያወጣውን የካሊብሬተሩን ስኩዌር ዌቭ አስገቡ። ምስሉ ወደ ላይም ወደ ጎንም ከተገቢው በላይ ከተለቀና ብርሃኑ ከደከመ፣ ሃይ ቮልቴጁ ወርዷል። ጨረሩ ሲዘገይ ሳህኖቹ አብዝተው ያጣምሙታል። ምስሉ ካነሰ ደግሞ ቮልቴጁ ወጥቷል፤ ያረጀ የፊድባክ ሬዚስተር ኦሙ ሲጨምር የሚመጣ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጌይኑን «አስተካክላችሁ» የምታመጡልኝ ሰዎች በሽታውን ደብቃችሁ ነው የምታመጡት። ከዚያ ሁለት ሥራ ይሆንብኛል።

ከአሜሪካ የመጣ ስኮፕ ከኋላው 115 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ 220 ነው። ሳታዩ አትሰኩ። የስፒናውን የኧርዝ እግር ቆርጦ መሰካትን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

ክረምት ሲገባ የሚመጣው ስኮፕ ብዙ ጊዜ «ትስስ» ይላል፣ የኦዞን ሽታም አለው። የጅማ እርጥበትና ዓመታት የቆየ አቧራ ሲገናኙ ሃይ ቮልቴጁ መንገድ ያገኛል። ስህተቱ ወዲያው ዕቃ መቀየር ነው። መጀመሪያ አጽዱት። አንዱ ደግሞ በአረቄ ጠርጎ አመጣልኝ። አረቄ ውስጥ ውሃ አለ ወንድሜ! የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውሃ ነው። ጠንከር ያለ አይሶፕሮፒል ፈልጉ፣ በደንብ አድርቁት፣ ጨለማ ውስጥ አብርታችሁ ሰማያዊ ጭላንጭል የት እንዳለ እዩ። ከዚያም ኦሲሌተሩ እየደከመ ካስቸገረ አጥፍታችሁ ቻርጁን አውርዱና ከትራንስፎርመሩ ወደ መልቲፕላየሩ (ቮልቱን ወደ 15 ሺህ የሚያባዛው ክፍል) የሚሄደውን ገመድ ንቀሉ። ጫፉን ከሁሉም ነገር አርቃችሁ አብሩት። ካቶዱ ወደ ቦታው ከተመለሰ የተበላሸው መልቲፕላየሩ ነው።